መኪናዎ ከኋላ ወደ አንድ ጎን አዘነበለች? ከገንዘብ በፊት ሜትር ያውጡ

መኪናዎ ከኋላ ስትታይ አንድ ጎኗ ዝቅ ካለ ምክር የሚሰጥዎ ሰው አያጡም። ጎረቤትዎ «ሞላዋ ሞቷል» ይልዎታል፤ የሥራ ባልደረባዎ ደግሞ «ሾክ አብዞርበሩን ይቀይሩት» ይላል። የዚህ ወር ምክራችን ግን ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ የሚል ነው። ዝቅ ያለው ጎን ሁልጊዜ የተበላሸው ጎን አይደለምና።

ጉዳዩ የመልክ ብቻ እንዳይመስልዎ። የተሰበረ ሞላ ሹል ጫፍ ጎማ ሊቀድ ይችላል። ከኋላዋ የወረደች መኪና ደግሞ መብራቷ ወደ ላይ ስለሚያበራ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ዓይን ይወጋል። ለበዓል ቤተሰብ ጭነው ክፍለ ሀገር ለመውጣት ካሰቡ ነገሩን ዛሬውኑ ማጣራት ይበጅዎታል።

በመጀመሪያ የትኛው ዕቃ ምን እንደሚሠራ እንለይ። እንደ ቪትዝ ባሉ የቤት መኪኖች የኋላውን ክብደት ተሸክሞ ከፍታውን የሚጠብቀው ሞላው ነው። እንደ ሂሉክስ ባሉ ፒክአፖች ደግሞ ይህ የባሌስትራው ሥራ ነው። ተራው ሾክ አብዞርበር የሚያበርደው መኪናዋ ጉድጓድ ስትመታ የሚመጣውን መዝለል ነው። ስለዚህ ዘይቱን ያፈሰሰ ሾክ መኪናዋን ያዘልላታል እንጂ ቆማ ሳለች አያዘነብላትም። ለማዘንበል መፍትሔው ሾክ መቀየር ነው የሚል ሰው ካጋጠመዎ «እንዴት?» ብለው ይጠይቁት።

አሁን ወደ መለካቱ እንግባ። የኋላ ኮፈኑን ከፍተው ጀሪካኑንም፣ የመሣሪያ ሣጥኑንም፣ ከወር በፊት የተረሳውን ዕቃ ሁሉ ያውርዱ። የነዳጁንም ነገር አይርሱ፤ 40 ሊትር ቤንዚን ወደ 30 ኪሎ ይመዝናል። የአራቱም ጎማዎች ቁጥር አንድ ዓይነት መሆኑን፣ ንፋሳቸውም በሹፌሩ በር አካባቢ በተለጠፈው ልክ መሞላቱን ያረጋግጡ። ከዚያ መኪናዋን ደልዳላ ወለል ላይ ጥቂት ሜትር ወደፊትና ወደኋላ ነድተው ያቁሟት። የኋላዋንም ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ታች ተጭነው ይልቀቁ።

ሜትሩን ከጎማው መሃል፣ ማለትም ከቸርኬው እምብርት ጀምረው ቀጥ አድርገው እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ይለኩ። ከመሬት አለመነሳትዎ በምክንያት ነው፤ የጎማ ንፋስ ማነስ ልኬቱን እንዳያዛባብዎ ነው። አራቱንም ጎማ ለክተው ይጻፉ። ቀጥሎ መኪናዋን እዚያው ቦታ ላይ ፊቷን አዙረው ያቁሙና እንደገና ይለኩ። ዝቅታው ከግራ ወደ ቀኝ ከተዛወረ ጥፋቱ የወለሉ ነው። ጥቂት ሚሊ ሜትር ልዩነት አያስጨንቅዎ። ለምሳሌ የግራው 35፣ የቀኙ 37 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ግን ምክንያቱን መፈለግ ተገቢ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አንድ እግሩ ያጠረ ጠረጴዛ እንዴት በሰያፍ እንደሚያዘነብል ያውቃሉ። መኪናም እንዲሁ ናት፤ የፊት ግራ ሞላ ሲደክም የኋላ ቀኙ ወደ ላይ ይነሳል፤ ያኔ የኋላ ግራው ምንም ሳይሆን የወረደ ይመስላል። ይህን ለመለየት መካኒክዎ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ ደግፎ፣ የእጅ ፍሬኑን ለቅቆ፣ ፊቷን ልክ መሃሏ ላይ በክሪክ ትንሽ ያንሳላችሁ። የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ሲለቁ የኋላው ከተስተካከለ ጥፋቱ ያለው ከፊት ነው። አሁንም ካዘነበለ ግን ችግሩ ከኋላ ነው።

ከኋላ ከሆነ ማየት ይቀጥላል። የሞላው የታችኛው መቀመጫ ጭቃና ውሃ ስለሚይዝ ብረቱን ዝገት ይበላዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚሰበረው የመጨረሻው ጥምዝ ነው። ቁራጩ መንገድ ላይ ወድቆ ሊሆን ስለሚችል የግራና የቀኙን ጥምዞች ቆጥሮ ማወዳደር ይጠቅማል። ባሌስትራ ከሆነ ከተደራረቡት ብረቶች አንዱ ተሰብሮ እንደሆነ፣ የመሃሉ ብሎንም ተበጥሶ እንደሆነ ይታይ።

ማዘንበሉ የጀመረው እግሯ ከተሠራ በኋላ ነው? እንግዲያው ሦስት ነገር ያስጠይቁ። የሞላው ጫፍ በመቀመጫው ውስጥ በትክክል ገብቷል? በአንዳንድ መኪኖች የግራና የቀኝ ሞላ ስለሚለያይ፣ ተቀያይሮ አልተገጠመም? የጎማ ቡሾቹስ ብሎን የጠበቀው ጎማው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ሳለ ነው? በዚያ ሁኔታ የጠበቀ ቡሽ መኪናዋ መሬት ስትነካ ተጠምዝዞ ይቀራል፤ ከፍታዋን ያዛባል፤ ቶሎም ይቀደዳል። መጥበቅ ያለበት ክብደቷ በጎማዎቿ ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

ሞላዎቹ ደህና ሆነው ማዘንበሉ ካልቀረ፣ ፓራፋንጎው ወይም አካሏ ቀድሞ ተገጭቶ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ መኪና ለመግዛት ካሰቡ ይህን ልኬት ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ያድርጉት።

ሞላ መቀየር ግድ ከሆነ ግራና ቀኙን አብረው ይቀይሩ፤ አዲስና አሮጌ ጎን ለጎን ሲሠሩ ማዘንበሉ ተመልሶ ይመጣል። በጥምዞቹ መካከል ጎማ መሰካት ርካሽ ቢመስልም ሕመሙን ይደብቃል እንጂ አያድንም። የታሰሩት ጥምዞች ሥራ ያቆማሉ፤ ሸክሙም በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ የተሰነጠቀ ሞላ ከሆነ ደግሞ አደጋው እዚያው ነው።

አደራ የምንለው አንድ ነገር አለ፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳች መኪና ሥር በፍጹም አይግቡ። የታመቀ ሞላ ሲፈናጠር ሰው ይጎዳልና እሱን መፍታትም ለባለሙያ ይተዉት። የእርስዎ ድርሻ ልኬቶቹን በወረቀት ይዞ ጋራዥ መሄድ ነው። መካኒክዎ ቁጥሮቹን ሲያይ ከየት እንደሚጀምር ያውቃል፤ እርስዎም የማያስፈልግ ዕቃ ከመግዛት ይድናሉ።

መልካም መንገድ!