መጀመሪያ ማን ይናገር?

በእኛ አገር ገጠር ጎልማሳ ሰው በንጋት አስፋልት ላይ ሲሮጥ ከታየ ወይ ሌባ ነው፣ ወይ መርዶ ነጋሪ። ጥር 2011 ዓ.ም. አንድ እሁድ፣ እኔና ሚዜዬ ወሎ ውስጥ ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ቁልቁል ስንሮጥ ጀሪካን አዝለው ውሃ ሊቀዱ የወጡ አንዲት እናት ቆም አሉና «ልጆቼ፣ ማን ሞቶ ነው?» አሉን። ሚዜዬ እግሩን ሳያቆም «እስካሁን ማንም፣ እማማ!» ብሎ መለሰላቸው። እሳቸው አልሳቁም። እኛ ሳቅን፤ ገና ሦስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነበርና ለሳቅ የሚሆን ትንፋሽ ነበረን።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ነው። ከአብሮ አደጉ ጋር ማራቶን ሊሮጥ ነው፤ ሰሞኑን ስለ ጫማ ምክር ሊጠይቀኝ መጣ። ስለ ጫማ ብዙ አላውቅም። ከጓደኛ ጋር ስለ መሮጥ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ፤ የተማርኩትም በባቴ ነው።

ሚዜዬ የምለው በሠርጌ ሚዜ ስለነበረ ነው፤ ስሙን ብጽፈው ይጣላኛል። ሁለታችንም ሲሪንቃ ነው ያደግነው። እሱ ወልድያ ያስተምራል፣ እኔ አዲስ አበባ ወንበር ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። ከዚያ እሁድ በፊት አንድ ሁለት ጊዜ ታላቁን ሩጫ ሮጠናል። ታላቁ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ሲጀመር ለብዙዎቻችን የሩጫን በር ከፍቶልናል፤ ርቀቱ ግን 10 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግማሹም ጭፈራ ነው። ማራቶን ሌላ ነገር ነው። ከአበበ ቢቂላ ጀምሮ የማራቶን ወርቅ የምንቆጥር አገር ሆነን ሳለ፣ ማራቶን የሮጠ ጎረቤት ያለው ሰው ከስንት አንድ ነው። ሩጫ እኛ ዘንድ ወይ እንጀራ ነው፣ ወይ ዜና። ደመወዝተኛ ሰው ቦርጩን ይዞ 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ልሩጥ ሲል ዘመድ የሚሰበሰበው ለሽምግልና ነው።

ስለዚህ ማራቶናችንን ራሳችን አዘጋጀነው። ከሲሪንቃ ተነስቶ በአስፋልቱ መርሳን ማለፍ፣ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው መንገድ ስልካችን 21 ኪሎ ሜትር ከ100 ባለን ቦታ መዞር፣ በመጣንበት መመለስ። ሜዳሊያ የለም። አጃቢያችን የሚዜዬ የእህቱ ልጅ ነበር፤ በብስክሌት፣ ፌስታል ሙሉ ውሃና የተበጠበጠ በሶ ይዞ።

ለአራት ወር የተለማመድነው ለየብቻ ነው። እሁድ እሁድ ማታ እንደዋወላለን።

«ዛሬ ስንት?»

«26። አንተስ?»

«እኔም እዚያው ገደማ።»

የእኔ «እዚያው ገደማ» 17 ኪሎ ሜትር ነበር። የእሱ 26፣ በኋላ እንደተናዘዘው፣ 19። እንግዲህ ሁለት ውሸታሞች ናቸው ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ሲሪንቃ አስፋልት ዳር ቆመው «አብረን ጀምረን አብረን እንጨርሳለን» ብለው እጅ የተመታቱት።

ሲሪንቃ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የግብርና ምርምር ማዕከሏን የሚያውቅ በማሽላና በጤፍ ያውቃታል። መርሳ ከእሷ ዝቅ ትላለች፤ አየሩም እየሞቀ፣ ማንጎና ብርቱካኑም እየበዛ ይሄዳል። ቁልቁለት ደግሞ ያታልላል። ሳንባ ምንም አይሰማውም፤ ሥራው ያለው ፊት ለፊት ባለው የጭን ጡንቻ ላይ ነው፤ እየተለጠጠ ሰውነትን ፍሬን ይይዛል። በዚያ መሃል ጡንቻው ጥቃቅን ጉዳት ይጠራቀምበታል፤ ሒሳቡ የሚመጣው ከሰዓታት በኋላ ነው። የተስማማነው አንዱን ኪሎ ሜትር በ6 ደቂቃ ልንሄድ ነበር። በ5 ደቂቃ ከ20 እየሄድን እንደሆነ ስልኩ ነገረኝ።

አየሁ፤ ምንም አላልኩም። ለምን? ሚዜዬ ግማሽ እርምጃ ቀድሞኛል። እሱ እንዲህ እየሄደ እኔ «ቀስ እንበል» ብል ምን ይለኛል? በኋላ ስንነጋገር ደግሞ እሱ ግማሽ እርምጃ የቀደመው የእኔ ኮቴ ከኋላው ሲጣደፍ እየሰማ እንደነበር ነገረኝ። እኔ እሱ እያስሮጠኝ ነው እላለሁ፣ እሱ እኔ እያስሮጥኩት ነው ይላል። ማንም ያልፈለገው ፍጥነት ሁለታችንንም ይዞን ወረደ።

ስሙ ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ ክፉ ነገር ነው አልልም፤ ለቅሶ የሚያስደርሰን፣ የጎረቤት በሬ ሲጠፋ የሚያስነሳን እሱ ነው። ሌሊት 10 ሰዓት ከአልጋ አስነስቶ ጫማ ያሰረልኝም ይሉኝታ እንጂ ጽናት አይደለም። ግን አስነስቶ የሚያስጀምር ነገር፣ ማስቆም ሲያስፈልግ አፍ ይዘጋል። ልጁ በብስክሌቱ ተጠግቶ «ጋሼ፣ ደከመዎት እንዴ?» ሲለኝ «ምን ይደክመኛል!» አልኩት። ወደ አጎቱ ሄዶ ጠየቀ፤ ያው መልስ ተሰጠው። ልጁ ሁለታችንንም አየና ዝም ብሎ ፔዳሉን መታ።

ዝምታ የሚያዋጣው ሰው አለ፤ ሻምፒዮን ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ በእኛ የዘመን መለወጫ ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲሮጥ ከሞሮኮው ራዲ ቤን አብደሰላም ጋር ብዙ ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን ሄደዋል። ለምሽቱ ችቦ ተለኩሶላቸዋል፣ ሁለት ሰዎች ትከሻ ለትከሻ፣ ያለ አንድ ወሬ። መጨረሻ ላይ አበበ በ25 ሰከንድ ቀድሞ ገባ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ራዲ ግን ተፎካካሪው እንጂ ሚዜው አልነበረም። ለተፎካካሪህ ድካምህን ብትነግረው ሞኝ ነህ። ለሚዜህ ካልነገርከው ምኑን ሚዜ ሆነ?

ወደ መንገዳችን። መርሳ ስንደርስ ሻይ ቤቶቹ ተከፍተዋል፣ ባጃጆቹ ተነስተዋል፣ ሕፃናት «ኃይሌ! ቀነኒሳ!» እያሉ ተከተሉን፤ ከሁለታችን ማን የትኛው እንደሆነ ግን አልተስማሙም። ከከተማዋ ወጥተን 21 ኪሎ ሜትር ከ100ው ላይ 1 ሰዓት ከ53 ደቂቃ ሆኖን ዞርን። ሚዜዬ በሶውን ጠጣና «አብሽር!» አለኝ። ወሎ ውስጥ ይህ ቃል የማይሆነው ነገር የለም፤ ለታመመ፣ ለፈተና ተቀማጭ፣ ላዘነ፣ ሁሉ «አብሽር» ነው። ያን ጊዜ ግን ለእኔ ያለው አልመሰለኝም፤ ለራሱ ነበር የሚለው።

የመልሱን መንገድ፣ ከመርሳ በኋላ ያለውን፣ የሮጠ ያውቀዋል። ዐይን የማያየው፣ እግር ብቻ የሚያየው ዳገት ነው። ፀሐይዋም ከፍ ብላለች። ሰውነት በጡንቻና በጉበት ያጠራቀመው ስኳር ለብዙ ሰው ወደ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይመናመናል፤ ፈጥኖ የጀመረ ደግሞ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ያን ጊዜ ጭንቅላት ራሱ ይነጫነጫል። አንድ አይሱዙ ጥሩምባ ሲነፋብኝ አልቅስ አልቅስ አለኝ።

31ኛው ላይ ይመስለኛል የሠርግ መኪኖች ከፊታችን መጡ። ጥር ነው፣ እሁድ ነው፤ አበባ የታሰረባቸው መኪኖች፣ ጥሩምባ፣ በመስኮት የወጡ ልጃገረዶች፣ እልልታ። እልልታው ለሙሽራዋ ይሁን ለእኛ አላወቅንም። ሁለታችንም፣ አንድም ቃል ሳንነጋገር፣ ደረታችንን ነፍተን ፍጥነት ጨመርን! የመጨረሻው መኪና እስኪያልፍ ድረስ አትሌት ነበርን። ካለፈ በኋላ 200 ሜትር ያህል እንደሄድን የግራ ባቴ እንደ ድንጋይ ተኮማተረና አስፋልቱ ዳር ተዘረርኩ።

ሚዜዬ ጎንበስ ብሎ እግሬን ያዘ፣ ጣቶቼን ወደ ላይ ገፋ። ከዚያ አጠገቤ ዘፍ ብሎ ተቀመጠና ፊቱን ወደ ሰማይ አድርጎ እንዲህ አለ፦

«አላህ ይስጥህ! እኔ መርሳ ላይ ነው የሞትኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተስ?»

ልጁ ብስክሌቱን አጋድሞ ይስቃል። በሶውን አንቆርቁሮ ሰጠን፤ ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀመጥን። ስለ 26 እና ስለ 17 የተናዘዝነውም እዚያ ነው።

በጊዜ ስለ መቆም ሳነሳ ብዙ ጊዜ ስለ ሜክሲኮ ኦሊምፒክ አስባለሁ። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. አበበና ማሞ ወልዴ፣ ሁለቱም የክብር ዘበኛ ሰዎች፣ ሁለቱም 36 ዓመታቸው፣ ከባሕር በላይ 2,240 ሜትር በሆነች ከተማ ማራቶን ተሰለፉ። አበበ የሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤት ነው፣ መለያ ቁጥሩም 1 ነው፤ ግን እግሩ ተጎድቷል። ወደ 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ቆመ። ሁለቱ ስለ ምን ተነጋገሩ የሚለው ብዙ ወሬ አለው፣ እሱን ልተወው። የሆነው ይበቃኛል፤ አበበ ቆመ፣ ማሞ ቀጠለ። ማሞ ከሳምንት በፊት በ10,000 ሜትር ብር የወሰደ ሰው ነው፤ በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ፣ ጃፓናዊውን ኬንጂ ኪሚሃራን ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀድሞ ወርቁን አመጣ። ተጎድቶ መጀመሩ ልክ ነበር ወይ ብትሉኝ እኔም እጠይቃለሁ። ነገር ግን ዓለም ሁሉ በሚያየው መንገድ ላይ፣ በዚያ ስም፣ «እግሬ አይሆንም» ብሎ መቆም ከመሮጥ የሚከብድ ይመስለኛል።

ከሞላ ጎደል ያው ነገር በፓሪስ ኦሊምፒክም ሆነ። ሲሳይ ለማ በ2016 ሚያዝያ ቦስተንን ያሸነፈ ሰው ነው፤ የኦሊምፒክ ቦታ ነበረው። ውድድሩ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው በጉዳት ወጣ፣ ተጠባባቂው ታምራት ቶላ ተተካ። ነሐሴ 4 ቀን ታምራት በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ሰብሮ ገባ፤ ከሲድኒው ገዛኸኝ አበራ በኋላ የመጀመሪያው የወንዶች ማራቶን ወርቃችን። ለታምራት ያላጨበጨበ አልነበረም፤ ይገባዋል። እኔ ግን ለሲሳይም አጨብጭቤያለሁ። ሰው ጉዳቱን ደብቆ በይሉኝታ መስመር ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የምናወራው ሌላ ነበር።

እኛ ታዲያ ከአስፋልቱ ዳር ተነሳንና የኤሌክትሪክ ምሰሶ መቁጠር ጀመርን። አሥር ምሰሶ እንሮጣለን፣ ሦስት ምሰሶ እንራመዳለን። አሁን እንናገራለን፤ «ባቴ ሊይዘኝ ነው»፣ «ሆዴ ተገለበጠ»፣ «እኔ ከዚህ በኋላ ስድስት ምሰሶ ነው የምችለው»። ያ የመጨረሻው 11 ኪሎ ሜትር፣ በሰዓት ካያችሁት ውርደት ነው። ከዚያ በፊት ከነበረው 31 የማስታውሰው ወሬ ጥቂት ነው፤ ከ11ዱ ግን እያንዳንዱን ምሰሶ አስታውሳለሁ። የሱ ስልክ ባትሪው 38ኛው ላይ አለቀ፣ የእኔ እስከ መጨረሻው ቆጠረ። ረፋድ ላይ፣ 4 ሰዓት ከ44 ሲል፣ 5 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ሆኖን የተነሳንበት ሱቅ በር ደረስን። ባለሱቁ ለስላሳ ሰጠንና ሒሳቡን ተቀበለን።

ያን ቀን ነው ውል የገባነው። «ደከመኝ» የሚለው ቃል ከአፋችን እንደማይወጣ አውቀናል፤ ያደግንበት ነገር በአንድ ማራቶን አይለቅም። ስለዚህ ሌላ ቃል አደረግንለት። ከሁለት አንዳችን «በሶ» ካለ ሌላው አይጠይቅም፣ አይከራከርም፣ «አብሽር» አይልም፤ ይቀዘቅዛል። ለባልደረባዬ የሰጠሁት ምክር ይህ ነው። ጫማውን ከየትም ግዛ፣ ፍጥነታችሁን ግን ከመስማማታችሁ በፊት ቃላችሁን ተስማሙ። «እኛ እኮ እንነጋገራለን» አለኝ። እኛም እንዲያ ነበር የምንለው።

ሁለተኛውን ማራቶን በ2014 ዓ.ም. ጥር ልንሮጥ አስበን ነበር። ከነሐሴ 2013 ጀምሮ በዚያ አስፋልት ላይ ያለፈውን ጦርነት አንባቢ ያውቀዋል፤ ከወልድያ ጀምሮ በዚያ መስመር ያለው አገር ለወራት ስልክም መብራትም አልነበረውም። ጦርነቱ ከአካባቢው ከራቀ በኋላ የስልክ መስመሩ ተቀጥሎ ሚዜዬ ደወለ። ቤተሰቡን አንድ በአንድ ጠየቅኩት። «ደህና ናቸው፣ አልሐምዱሊላህ»። እናቱ? «ደህና ናት»። ብስክሌተኛው ልጅ? «አድጓል፣ ደህና ነው»። አንተስ? «እኔማ ምን እሆናለሁ» አለና ዝም አለ። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ።

«በሶ» አለኝ።

በማግስቱ ንጋት የደሴ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።