ሐኪም አለኝ በሰማይ!

ዘንድሮ ስለ «ዲጂታል ጤና» የማያወራ ባለሥልጣን የለም። ሕመምተኛው ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት ሐኪሙን ያማክራል፣ መንገላታት ቀረ ይሉናል። እሰየው ነው! እኔ በግሌ ነገሩን አልቃወምም። ያለችውን ላም ሸጦ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላቶ፣ ጥቁር አንበሳ በር ላይ ጋቢ ተከናንቦ ወረፋ የሚጠብቅ ወገኑን ያየ ሰው ይህን ለመቃወም አንጀቱ አይችልም። የምርመራ ውጤት ለማሳየት ብቻ ስንቱ ነው የሚመላለሰው?

ነገሩም ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ጥቁር አንበሳ የህንድ መንግሥት በደገፈው የፓን አፍሪካ ኢ-ኔትወርክ አማካይነት ሃይደራባድ ካለው ኬር ሆስፒታል ጋር ተገናኝቶ በርቀት መመካከር ከጀመረ ከ15 ዓመት በላይ ሆኖታል። ዛሬ ደግሞ ቁስሉን በስልኩ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ለሐኪም የሚልክ ሞልቷል።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ይሄ ሐኪም የሚመጣው በምን በኩል ነው? በኔትወርክ። የኔትወርኩ መዝጊያ ቁልፍስ በማን እጅ ነው? መልሱን እናንተው ታውቁታላችሁ።

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ የጸደቀው በ2012 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ኮሮና የገባበት፣ ከቤት አትውጡ፣ ካመማችሁ ደውሉ የተባልንበት ነበር። በዚያው ዓመት ከሰኔ 23 ጀምሮ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ድርግም አለ። በ2013 ጦርነቱ ሲጀመር ትግራይ ስልክም ኢንተርኔትም ተቆርጦባት አብዛኛው ሕዝቧ እስከ ፕሪቶሪያው ስምምነት ድረስ፣ ለሁለት ዓመት ያህል፣ እንኳን ሐኪም የእናቱን ድምፅ መስማት አልቻለም። በሐምሌ 2015 አማራ ክልል ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔቱ ለወራት ተዘጋ።

እዚያ ክልል የስኳር ሕመምተኛ ዘመድ አለኝ። የእግሩን ቁስል ፎቶ በየሳምንቱ አዲስ አበባ ላለ ሐኪም እየላከ ነበር የሚታከመው። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ሐኪሙም ተዘጋ። የስኳር ቁስል ደግሞ አዋጁ እስኪነሳ አይጠብቅም!

ክሊኒክ በር ላይ ወታደር አቁሞ «ዛሬ ሕክምና የለም» ማለትና ኢንተርኔት መቁረጥ ልዩነታቸው ምንድነው? ሕመምተኛው ያለው ስልኩ ላይ ከሆነ፣ ምንም ልዩነት የለውም።

ሌላም አለ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ስልኬ ይጠለፋል ብሎ የሚሰጋ ሰው ግን ኤችአይቪ እንዳለበት፣ ፅንስ እንዳስወረደች፣ አእምሮው እንደታወከ በስልክ እንዴት ደፍሮ ይናገራል? በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል፣ ጥሩ ነው። ሕዝቡ የሚያምነው ግን ወረቀቱን ሳይሆን ሲከበር ሲያየው ነው።

ደግሞስ ስክሪን ሐኪም አይወልድም። በስክሪኑ ማዶ የሚቀመጠው ያው በግንቦት 2017 «ደመወዛችን አላኖረን አለ» ብሎ ሲጮህ ባልደረቦቹ የታሰሩበት ሐኪም ነው። እሱ ጠግቦ ካላደረ መተግበሪያው ቢያሸበርቅ ምን ዋጋ አለው?

እንግዲህ የምንለው ይህ ነው። አንደኛ፣ ኔትወርክ የሕክምና መንገድ ከሆነ እንደ አምቡላንስ ይታይ። ማንም ባለሥልጣን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይዘጋው በሕግ ይከልከል። ሁለተኛ፣ በስልክ የሚያክም ሁሉ ስሙንና የሙያ ፈቃድ ቁጥሩን ለሕመምተኛው ያሳይ፤ ሲሳሳትም ተጠያቂ ይሁን። ሦስተኛ፣ ሕመምተኛና ሐኪም የተነጋገሩትን ማንም ጆሮ ጠቢ አይስማው።

ይህ እስካልሆነ ድረስ ዲጂታል ጤና የምትሉን ነገር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ነው። ወተቷ ቢቀርብን እንችለዋለን። ሐኪም ሲቀርብን ግን እንሞታለን።