የዜማ ፊደል፤ የባንዱ መሪ ነርሲስ ናልባንዲያን

ባለፈው ሳምንት በሱሉልታ የማታ ክፍል አንድ አባት ጠየቁን። «ሬዲዮ ላይ ያ ሁሉ ጥሩምባ ባንድ ጊዜ ሲነፋ እንዴት አይምታታም?» አሉን። ጥያቄው ጥሩ ነው። በቡራዩና በሰበታ ላላችሁም ይሁን ብለን ጻፍነው።

አዝማሪ ብቻውን ነው። ማሲንቆውን ይገዘግዛል፤ ራሱ ያዜማል። ወረቀት አያሻውም። ባንድ ግን ሌላ ነው። አሥርም ሃያም ሰው ባንድነት ይጫወታል። ጥሩምባ አለ፤ ሳክስፎን አለ፤ ከበሮ አለ። ሁሉም ደስ ያለውን ቢነፋ የገበያ ጫጫታ ይሆናል። ስለዚህ ዜማው ይጻፋል። ጽሕፈቱ ኖታ ይባላል። ኖታ የዜማ ፊደል ነው።

ኖታ ያልቆጠረ ነፊ ጎረቤቱን እየሰማ ይከተላል። ጎረቤቱ በታመመ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ደብዳቤ የሚያነብልን ልጅ ስንፈልግ እንደምንውለው ማለት ነው።

በአሜሪካ ዱክ ኤሊንግተን የሚባል ሰው ትልቅ የጃዝ ባንድ 50 ዓመት ያህል መርቷል። በ1966 ዓ.ም. አዲስ አበባም መጥቶ ተጫውቷል። በእኛ አገርስ? በእኛ አገር አቶ ነርሲስ ናልባንዲያን ነበሩ።

አቶ ነርሲስ አርመን ናቸው። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1915 ተወለዱ። ያን ጊዜ በአርመኖች ላይ ትልቅ እልቂት ወረደ። አጎታቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ቀድመው አገራችን ገብተው ነበር። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አስመጥተው ነበርና፣ የእነዚያ ልጆች የሙዚቃ አስተማሪ ኬቮርክ ነበሩ። «አርባ ልጆች» የሚባሉት እነሱ ናቸው። ነርሲስ አጎታቸውን ተከትለው መጡ፤ እዚሁ ቀሩ።

ከጣልያን ወረራ በኋላ የማዘጋጃ ቤቱን ባንድ መሩ። ኋላም ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር በሚባለው ቤት ሠሩ። ሠላሳ ዓመት ያህል አስተማሩ፤ ጻፉ፤ መሩ።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው 5 ድምፅ አላቸው። የፈረንጁ ቅኝት 7 ነው። የኛ ዘፈን ደግሞ ባንድ መስመር ይሄዳል፤ የባንድ ግን ብዙ ድምፅ ባንዴ ይደራረባል። የኛን ዜማ ቅኝቱ ሳይሰበር ለዚያ ሁሉ ነፊ ማከፋፈል ጣጣ ነው። እኛ ትልቁ ሥራቸው ይህ ነው እንላለን። ሌላው ሌላው ይቆየን።

ከማዘጋጃ ቤቱ ባንድ የወጡ ነፊዎች ብዙ ናቸው። የይፋቱ ጌታቸው መኩሪያ አንዱ ነበሩ። ክራርና ማሲንቆ አስቀድመው፣ ኋላ ሳክስፎን ያዙ። ሽለላን በሳክስፎን ነፉት! ፎካሪው ያለ ቃል ሲፎክር ነው የሚመስለው። በ2008 ዓ.ም. አረፉ።

አቶ ነርሲስ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1977 ሞቱ። አብዛኛውን ዕድሜያቸውን ከኛ ጋር ኖሩ ማለት ይቻላል።

የሱሉልታው አባት ይህን ሰምተው፣ «እስቲ ያን የዜማ ፊደል አሳዩኝ» አሉን። በሚቀጥለው ትምህርት አንድ የኖታ ወረቀት ይዘን እንመጣለን።