ከመሸጥ መመርመር ይቅደም

ወርቅ በእሳት ይፈተናል። በሚሊዮን የሚገመት ሥዕል ግን ብዙ ጊዜ ለገበያ የሚቀርበው በአንድ ሊቅ ዓይን ምስክርነት ነው፤ ላቦራቶሪ የሚታወሰው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው። ይህን ልማድ «ለጥበብ የሚሰጥ ክብር» እያሉ የሚሟገቱለት አሉ። ለመሆኑ ክብሩ የማን ነው? የጥበብ ወይስ የነጋዴው?

እ.ኤ.አ. በ1937 ስመ ጥሩው የኔዘርላንድስ የሥዕል ሊቅ አብርሃም ብሬዲየስ ክርስቶስን በኤማሁስ የሚያሳየውን ሸራ አይተው የቬርሜር ድንቅ ሥራ መሆኑን መሰከሩ፤ የሮተርዳሙ ቦይማንስ ሙዚየምም የራሱ አደረገው። ሥዕሉን የሠራው ግን በ1675 የሞተው ቬርሜር ሳይሆን በዚያን ጊዜ በሕይወት የነበረው ሃን ቫን ሜኸረን ነበር። ሰውየው በ1945 ከታሰረ በኋላ ራሱ ተናዘዘ። በፖል ኮርማንስ የተመራው የባለሙያዎች ቡድንም በቀለሙ ውስጥ በቬርሜር ዘመን ፈጽሞ ያልነበረ፣ የባክላይት ዓይነት ሰው ሠራሽ ሙጫ አገኘ።

«አጭበርባሪው ላቦራቶሪንም ያታልላል» የሚሉ አሉ። እውነትነት አለው። ቫን ሜኸረን ያንን ሙጫ የመረጠው አዲስ የዘይት ቀለምን በአልኮል የሚያጋልጠውን ፈተና ለማለፍ ነበር። ይሁንና ከአንዱ ፈተና ያስመለጠው ሙጫ በሌላው አስያዘው። ስለዚህ ትምህርቱ ምርመራው ይብዛ የሚል እንጂ ይቅር የሚል አይደለም።

ገበያው ግን አልተማረም። በ2006 የሃይንሪሽ ካምፐንዶንክ የ1914 ሥራ ነው የተባለ ሥዕል በኮሎኝ ጨረታ በ2.88 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። ከሽያጩ በኋላ ሲመረመር በ1914 ሠዓሊያን ገና የማያውቁት የታይታኒየም ነጭ ቀለም ተገኘበት። አስመስሎ የሠራው ቮልፍጋንግ ቤልትራኪ በ2011 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ምርመራ ሥዕል ያበላሻል የሚለው ሰበብም አያዋጣም። ኤክስሬይ ሸራውን ሳይነካ ከላዩ ቀለም ሥር ያለውን ያሳያል፤ ናሙና ቢያስፈልግ እንኳ ለዓይን የምታስቸግር ቅንጣት ትበቃለች።

እርግጥ ነው፣ ላቦራቶሪ ቀለሙ ከዘመኑ ጋር መስማማቱን ይናገራል እንጂ «የእገሌ እጅ ነው» ብሎ አይምልም። በቬርሜር ዘመን የተቀዳ ቅጂ የቀለሙን ፈተና ሊያልፍ ይችላል። የሊቁ ዓይንና ሥዕሉ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበት መዝገብ የሚያስፈልጉት እዚህ ላይ ነው። ቅደም ተከተሉ ግን አይገልበጥ፤ ሻጭ የምርመራውን ውጤት ከሥዕሉ ጋር ያቅርብ፤ ገዢም ውጤቱን ሳያይ ገንዘቡን አይቁጠር።