ኔትወርክ ሲጠፋ የሚቀረው ትምህርት

በመስከረም 2013 ዓ.ም. ሱዳን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋን ሰጠች። በፈተናው ቀናት ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ወረቀታቸው ላይ አቀርቅረው በሚጽፉበት ሰዓት፣ በመላ አገሪቱ የሞባይል ኢንተርኔት ይዘጋ ነበር። ዓላማው ጥያቄና መልስ በስልክ እንዳይዘዋወር ማድረግ ነው። ዘመኑ ግን የኮሮና ዘመን ነበር። ከስድስት ወር በፊት ትምህርት ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘግተው፣ ለብዙ የካርቱም ተማሪ የቀረችለት ተስፋ በእጁ ያለችው ስልክ ሆና ነበር። የሚማርበት መስመርና ለፈተና ሲባል የሚቆረጠው መስመር አንድ ናቸው። በዚያው ዓመት ሰኔ፣ ከዚያም በ2014 ሰኔ፣ ያው ተደገመ።

ወረርሽኙ ያመጣው የኢንተርኔት ትምህርት ተማሪዎችን ምን እንዳደረጋቸው በዓለም ዙሪያ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚነሳው መስመሩ ይሠራል ከሚል ግምት ነው። ከዚያ በኋላ የዓይን ድካሙ፣ ብቸኝነቱ፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻሉ ይዘረዘራል። ችግሮቹ እውነተኛ ናቸው። የካርቱም ተማሪ ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ጥያቄ አለው፤ መስመሩ ሲጠፋ እጄ ላይ ምን ይቀራል? እኔም የምከራከረው በዚሁ ላይ ነው። የኢንተርኔት ትምህርት በተቋረጠበት ቀን ለተማሪው በሚተውለት ነገር ሊመዘን ይገባል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ካርቱም ላይ ተማሪውን የጎዳው ከመምህሩ መራቁ ብቻ አልነበረም። ትምህርቱ ማንም ዋስ ባልሆነለት መስመር ላይ መንጠልጠሉ የበለጠ ጎድቶታል።

ወረርሽኙ የደረሰበትን ተማሪ ለመረዳት ትንሽ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2011 ዓ.ም. በአትባራ የተነሳው የዳቦ ተቃውሞ በቀናት ውስጥ ካርቱም ሲደርስ፣ ባለሥልጣናቱ የከተማዋን ዩኒቨርሲቲዎች ዘጉ። ሚያዝያ 3 ፕሬዚዳንት ኦማር አል-በሺር ከሥልጣን ወደቁ። ግንቦት 26 በጦር ኃይሉ ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት የተሰበሰበው ሕዝብ በጥይት ሲበተን ኢንተርኔት አብሮ ተቆረጠ፤ እስከ ሐምሌ መጀመሪያም አልተመለሰም። እ.ኤ.አ. በ1902 የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ሆኖ የተከፈተው፣ አገሪቱ ነፃ በወጣችበት በ1956 የዛሬ ስሙን የያዘው የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ደጁን እንደገና የከፈተው በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ወራት አልፈው ትምህርቱ መስመር መያዝ ሲጀምር መጋቢት 4 ቀን የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ ይፋ ሆነ፤ ትምህርት ቤቱም ዩኒቨርሲቲውም ወዲያው ተዘጋ። በሚያዝያ ደግሞ በካርቱም ግዛት የቤት መቀመጥ አዋጅ ታወጀ።

እንግዲህ የለንደን ወይም የሴኡል ተማሪ ከክፍል ወደ ስክሪን ሲሸጋገር፣ የካርቱም ተማሪ የተሸጋገረው ከመዘጋት ወደ መዘጋት ነበር። በ2010 ዓ.ም. የገባው ባች ገና ከመጀመሪያ ዓመት ሳይርቅ ተከታዩ ባች በኋላው ይደረደራል። መቼ እመረቃለሁ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው የለም። ይህ የቀን መቁጠሪያ መጥፋት ከባድ ጉዳት ነው። ያለፈ ምዕራፍ በማካካሻ ትምህርት ሊሸፈን ይችላል። መቼ ሥራ እንደሚይዝ፣ መቼ ቤተሰቡን እንደሚረዳ ማቀድ ያልቻለ የ20 ዓመት ወጣት ግን ከትምህርቱ ይልቅ በስደት መንገድ ላይ ተስፋ ማድረግ ይጀምራል።

በዚህ ሁኔታ ላይ «በኢንተርኔት እንቀጥል» የሚለው ሐሳብ ሲመጣ ተማሪውን እኩል አላገኘውም። በወቅቱ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሱዳናዊ ከሕዝቡ ሲሶ ገደማ ነበር። ካርቱም ከሌላው ትሻላለች፤ ግን የካርቱም ተማሪ ሁሉ የካርቱም ልጅ አይደለም። ከዳርፉር፣ ከኮርዶፋን፣ ከከሰላ መጥቶ ዶርም የሚያድር ብዙ ነው። ዶርም ሲዘጋ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤቱ ደግሞ ኔትወርኩ ከሁሉም የደከመበት ስፍራ ነው። ወረርሽኙን ለመከላከል የተወሰደው እርምጃ ድሃውን ተማሪ ትምህርቱ ከሚገኝበት መስመር አርቆ ሰደደው። በካርቱም የሀብታም ሰፈሮች በሪያድና በካፉሪ ያለው የባለሀብት ልጅ ጄኔሬተር ባለው ቤት በላፕቶፑ ፊት ሲቀመጥ፣ የድሃ ሰፈሮቹ የማዮና የሐጅ ዩሱፍ ልጅ አንዲት ስልክ ከወንድሞቹ ጋር ይጋራል።

ስልኩም ቢገኝ የመብራት ችግር አለ። በ2012 እና በ2013 የካርቱም የመብራት ፈረቃ በየቀኑ ለረጅም ሰዓታት የሚዘልቅ ነበር። መብራት ከሌለ ስልክ አይሞላም፤ የኔትወርክ ማማውም ነዳጅ ካላገኘ ይተኛል። ከዚያ የዋጋው ነገር ይመጣል። በ2013 ክረምት ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ400 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። የዳቦ ዋጋ በዚህ ፍጥነት በሚወጣበት ቤት አንድ ሰዓት የሚፈጅ የቪዲዮ ትምህርት ከምሳ ጋር ይወዳደራል። በመጨረሻም ከውጭ የተዘጋ በር ነበር። በጥር 2006 ዓ.ም. ኮርሴራ የተባለው ታዋቂ የአሜሪካ የኢንተርኔት ትምህርት ድርጅት በአገሩ ማዕቀብ ሕግ የተነሳ ለሱዳን ተማሪዎች አገልግሎቱን ዘግቶ ነበር። ንግድን የሚያግደው ማዕቀብ በ2010 መጀመሪያ ቢነሳም፣ ሱዳን ከአሸባሪነት ደጋፊዎች ዝርዝር የወጣችው በታኅሣሥ 2013 ነው። ስለዚህ ወረርሽኙ በመጣበት ጊዜ በውጭ ካርድ ለአንድ ኮርስ ወይም ለአንድ ሶፍትዌር መክፈል ለካርቱም ተማሪ የማይታሰብ ነበር።

ሴት ተማሪዎች የከፈሉት ዋጋ ደግሞ የተለየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሼህ ባቢከር በድሪ በሩፋዓ የገዛ ሴት ልጆቻቸውንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስበው ማስተማር ሲጀምሩ ሴት ልጅ ወጥታ የምትማርበት ቦታ ከፈቱላት፤ ኦምዱርማን ያለው የአህፋድ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ከዚያ ዘር የበቀለ ነው። ግቢ ለሴት ተማሪ ከመማሪያ ክፍል በላይ ነው። ማንም «ሻይ አምጪ» የማይላት፣ ሰዓቷ የራሷ የሆነበት ቦታ ነው። ግቢው ተዘግቶ ትምህርቱ ወደ ቤት ሲገባ ሰዓቷም አብሮ ወደ ቤት ሥራ ይመለሳል። ወንድሟ ጥግ ይዞ ያጠናል፤ እሷ በድስትና በታናናሾቿ መካከል የመምህሩን ድምፅ በጆሮዋ ታሳድዳለች። የሕክምናና የምህንድስና ተማሪዎችም ሌላ ግድግዳ ገጠማቸው፤ አካል መመርመርም ሆነ ቤተ ሙከራ በስልክ አይላክም።

ይህ ሁሉ የሱዳን ብቻ እጣ አልነበረም። ዩኒሴፍ በነሐሴ 2012 ባወጣው ግምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቢያንስ 463 ሚሊዮን ሕፃናት ምንም ዓይነት የርቀት ትምህርት ሊደርሳቸው አልቻለም። የካርቱም ልዩነት መቋረጡ ከድህነት ብቻ አለመምጣቱ ነው። ጥቅምት 15 ቀን 2014 ጦሩ ሥልጣን ሲይዝ ኢንተርኔት እንደገና ተዘጋ። የካርቱም ፍርድ ቤት ይመለስ ብሎ አዘዘ፤ መስመሩ ግን በመላ አገሪቱ የተመለሰው ኅዳር 9 ነው። እዚህ ላይ የኬብል እጥረት የለም፤ ማማው ቆሟል፣ ኩባንያዎቹ አሉ። የጠፋው የመንግሥት ቃል ነው። ትምህርቱን በኢንተርኔት ተከታተል የሚል መንግሥት ኢንተርኔቱን የማይዘጋ መሆኑን አብሮ ቃል ካልገባ፣ ለተማሪው የሰጠው ትምህርት ሳይሆን ዕድል መሞከሪያ ነው።

ታዲያ የተረፈው ምንድን ነው? ደኅና መሣሪያ የተባሉት የቀጥታ ቪዲዮ ትምህርቶች ቀድመው ወደቁ፤ መምህሩ፣ ተማሪው፣ መብራቱና ኔትወርኩ በአንድ ሰዓት መገናኘት አለባቸውና። የቆየው ተራ የሚመስለው ነገር ነው፤ በዋትስአፕና በቴሌግራም የሚላክ የመምህር ድምፅ፣ የሚጫን ፒዲኤፍ፣ አንዱ አውርዶ ለአምስት ጓደኞቹ የሚያጋራው ፋይል። ድምፁ ሌሊት፣ ኔትወርኩ ሲቀል፣ ይወርዳል፤ ቀን ያለ ኔትወርክ ይደመጣል። ጥያቄው ዛሬ ይጻፋል፤ መልሱ መስመር ሲገኝ ይመጣል።

ሱዳን ደግሞ ከኮሮና በፊት የተሻለ ምሳሌ ነበራት። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የኔዘርላንድሱ ዋር ቻይልድ የተባለ የእርዳታ ድርጅት፣ ከሱዳን ትምህርት ሚኒስቴርና ከዚያው ከአህፋድ ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሩቅ መንደሮች ለሚኖሩ ሕፃናት በታብሌት ሒሳብ ማስተማር ጀምሮ ነበር። ታብሌቱ በፀሐይ ኃይል ይሞላል፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ከሕፃናቱ ጋር የመንደሩ ሰው አስተባባሪ ሆኖ ይቀመጣል። ልጆቹ በሒሳብ በግልጽ ተሻሽለዋል፤ ሥራውም ኋላ ወደ ዮርዳኖስና ወደ ሊባኖስ ተሻግሯል። ምሥጢሩ ከመጀመሪያው መብራትና ኔትወርክ የለም ተብሎ መነደፉ ነው፤ መቋረጥን እንደ ድንገተኛ ችግር አላየውም። በዚያ ላይ ከልጁ አጠገብ ሰው አስቀምጧል።

«መሠረተ ልማቱ ሲሟላ ይህ ሁሉ ያልፋል፤ አሁን ስለ ድምፅ ቅጂና ስለ ፒዲኤፍ ማውራት ድሃውን በድህነቱ ማስቀመጥ ነው» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው። የካርቱም ልጅ ከማንም ያነሰ ትምህርት አይገባውም፤ ፈጣን መስመርም፣ ላፕቶፕም መብቱ ነው። ነገር ግን በፈተና ሰዓት የጠፋውን ኢንተርኔት ያጠፋው የመሠረተ ልማት እጥረት አይደለም። መስመሩ ቢፋጠን ኖሮ በፍጥነት ይዘጋ ነበር። በዚያ ላይ መሠረተ ልማቱ እስኪመጣ የሚያልፈው ጊዜ የአንድ ትውልድ የወጣትነት ዘመን ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ካርቱም ውስጥ ጦርነት ሲፈነዳ ይህ ክርክር የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ሆነ። ግቢዎች የጦር ሜዳ ሆኑ። የኦምዱርማን አህሊያ ዩኒቨርሲቲ የሱዳን ጥናት ቤተ መጻሕፍት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ተቃጠለ። ተማሪው ወደ ካይሮ፣ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው፣ ወደ አዲስ አበባም ተበተነ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው በኢንተርኔት ማስተማርና መፈተን ጀመሩ፤ በወረርሽኙ ጊዜ የተጀመረው ልምድ፣ ጎዶሎ ቢሆንም፣ ያኔ ጠቀመ። በጥር 2016 መጨረሻ ግን ኔትወርክ በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል ጠፋ። ጦርነቱ በጀመረበት ዓመት ሊፈተኑ የነበሩት የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የተፈተኑት በታኅሣሥ 2017 ነው። በእነዚህ ዓመታት ትምህርቱን የያዘ ተማሪ ያለው በስልኩ ውስጥ ያስቀመጠው ፋይል፣ ከጓደኞቹ ጋር ያለው ግንኙነትና ሳይሰለች ጥያቄውን የሚመልስ መምህር ነው።

ይህን የምጽፈው ስለ ጎረቤት አገር ለማዘን ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያም የመጀመሪያውን የኮሮና ታማሚ ይፋ ያደረገችው በዚያው በመጋቢት 4 ቀን 2012 ነበር። እኛም በ2009ና በ2011 በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ዘግተናል። ትግራይ ከ2013 ጥቅምት መጨረሻ ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ፣ አማራ ክልልም ከ2015 ክረምት ጀምሮ ለወራት ከኢንተርኔት ተቆርጠው ቆይተዋል። ዛሬ ዲጂታል ትምህርትና በኮምፒውተር የሚሰጥ ፈተና ወደፊታችን ነው ስንል፣ ካርቱም የከፈለችውን ዋጋ እያየን ልንነድፍ ይገባል።

ስለዚህ ትምህርት ሚኒስቴርም፣ ዩኒቨርሲቲዎችም፣ የዲጂታል ትምህርት ገንዘብ የሚሰጡ ድርጅቶችም አራት ነገር መመለስ አለባቸው። ይህ ትምህርት ያለ ኔትወርክ ስንት ሳምንት ይቆያል? ዶርሙ ሲዘጋ የሩቅ አገር ልጅ በምን ይከታተላል? ቤት ውስጥ ሰዓቷን ለተነጠቀች ልጅ የት ቦታ ታሰበላት? መስመሩን የሚዘጋ አካል ሲመጣ በሕግ የሚጠየቀው ማን ነው? መልስ የሌለው ዕቅድ ምንም ያህል ቢያምር ለትምህርት በሚል ስም መጽደቅ የለበትም። ወጣትነት አንዴ ነው፤ የተዘጋ ኢንተርኔት ተመልሶ ሲከፈት ያለፉት ዓመታት አብረው አይከፈቱም።