ሳቅ ይከሰሳልን?

የቀደሙት የአገራችን ገዢዎች ሕዝቡ ስለ እነርሱ ምን እንደሚል ለማወቅ ሲፈልጉ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ያስጠይቁ ነበር ይባላል። ባለሟሉ ደፍሮ የማይናገረውን እረኛው ከብቱን እየጠበቀ በግጥም ያንጎራጉረው ነበርና። አዝማሪውም በግብር ቤት ሰሙን ለጌታው፣ ወርቁን ለታዳሚው ያቀርብ ነበር። አለቃ ገብረ ሐና በመኳንንቱና በካህናቱ ላይ የወረወሯቸው ቀልዶች ዛሬም በየቤቱ ይነገራሉ። ያ ዘመን የነጻነት ዘመን ነበር ማለታችን አይደለም፤ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የተባለውም በዚያው ዘመን ነው። ነገር ግን አስተዋይ ገዢ አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ ደካማው በብርቱው ላይ የሚስቀው ሳቅ ሊደመጥ የሚገባው ወሬ ነው።

ዛሬ እረኛው የሚያንጎራጉረው በኢንተርኔት ላይ ነው። ሥዕል ይስላል፤ ማስታወቂያ ገልብጦ ያሾፋል፤ የትልልቆቹን ቃል በራሳቸው አነጋገር መልሶ ያሰማቸዋል። «እረኛ ምን አለ?» የሚሉም ዛሬ አልጠፉም። ልዩነቱ፣ የሚጠይቁት ሊማሩበት ሳይሆን ሊከሱበት መሆኑ ነው። ጠያቂዎቹም መንግሥታት ብቻ አይደሉም፤ ኩባንያዎችና ባለጸጎችም ተጨምረዋል። እኛ የምንለው በአጭሩ ይህ ነው፤ መልካም ስምን የሚጠብቀው ሕግ ለሁሉ መቆሙ ቀርቶ ጠበቃ መግዛት ለሚችል ብቻ ሲቆም፣ ያን ጊዜ ሕግነቱ ቀርቶ ዱላ ይሆናል።

ነገሩን ከቅርባችን እንጀምር። በጉለሌ፣ ከስድስት ኪሎ ሽቅብ የሚገኘውን ቀጨኔን የማያውቅ ተማሪ ከመካከላችን አይኖርም። አዲስ አበባ ቡናዋን የምታፈላበት ጀበና፣ ወጧን የምትሠራበት ድስት፣ እንጀራዋን የምትጋግርበት ምጣድ ከቀጨኔ ሴቶች እጅ መውጣት ከጀመረ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ከእኛም መካከል በዚያ ሰፈር ቤት ተከራይተን የምንኖር አለን። በዚህ ዓመት አንድ ቤት ሠርቶ ሻጭ ኩባንያ ያወጣው የማስታወቂያ ሥዕል እጃችን ገባ። ሥዕሉ ከአንድ ፎቅ ሰገነት ላይ ሆነው ወደ እንጦጦ ሲመለከቱ የሚታየውን ያሳያል። ደኑ አለ፤ ሰማዩ አለ፤ ቀጨኔ ግን የለም። ሰፈሩ በሙሉ ተፍቆ በቦታው አረንጓዴ ሣር ተሥሎበታል። ጓደኞቻችን ይህንኑ ሥዕል ወስደው የጠፋውን ሰፈር መለሱበት። እንስራ ያዘሉ እናቶችንም በሰገነቱ ላይ አስቀምጠው «ጎረቤት ረስታችሁ ነበር፤ እኛው መጣን» ብለው ጻፉበትና በፌስቡክና በቴሌግራም አወጡት።

በሳምንቱ የጠበቃ ደብዳቤ ደረሳቸው። ሥዕሉን በ3 ቀን ውስጥ እንዲያነሡ፣ በጽሑፍም ይቅርታ እንዲጠይቁ፣ ይህ ባይሆን ግን በወንጀል እንደሚከሰሱና ካሣ እንደሚጠየቁ ይነግራቸዋል። ሥዕሉ ውስጥ ሐሰት የሆነው የትኛው እንደሆነ ደብዳቤው አይናገርም። ልጆቹ የወር ቀለባቸውን ቆጥረው ለጠበቃ ቀርቶ ለማመልከቻ ማስጻፊያ እንደማይበቃ ባዩ ጊዜ ሥዕሉን አነሡት። የኩባንያውን ስም አንጠራም፤ ጉዳያችን ከአንድ ኩባንያ ጋር አይደለምና። ጉዳያችን ያለ ዳኛና ያለ ችሎት፣ በአንዲት ወረቀት ብቻ፣ አፍ ሊዘጋ መቻሉ ነው።

ለመሆኑ እንዲህ ያለው ደብዳቤ በምን ላይ ቆሞ ያስፈራራል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2044 ስም ማጥፋትን ሲተረጉም፣ ሰውን ማስጠላትንና ማስናቅን ብቻ ሳይሆን መሳቂያ ማድረግንም ይጨምራል። ለቀልደኛ ይህ አስፈሪ ቃል ነው። ሆኖም ይኸው ሕግ በቁጥር 2046፣ ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ አስተያየቱን የሚሰጥ ሰው የተናገረው ሐሰት መሆኑን በእርግጥ ካላወቀ በቀር ጥፋተኛ አይሆንም ይላል። እንግዲህ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ሚዛኑን አስበውበት ነበር። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽን ነጻነት ደንግጓል።

ሚዛኑ የተዛባው ኋላ ነው። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በአንቀጽ 13፣ የሰውን ክብርና መልካም ስም የሚነካ ጽሑፍ ወይም ሥዕል በኮምፒዩተር ያሰራጨ፣ ተበዳይ ነኝ ባዩ ሲያመለክት እስከ 3 ዓመት እስራት ሊቀጣ ይችላል ብሎ ደነገገ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2013 ዓ.ም.፣ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238 ወጣና በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቶ በፍትሐ ብሔር እንዲታይ አደረገ። ይህ መልካም እርምጃ ነው፤ እኛም እናመሰግናለን። ውጤቱን ግን ተመልከቱ። አዘጋጅ፣ ቢሮና ጠበቃ ያለው ትልቅ ጋዜጣ የሚያሰጋው የገንዘብ ካሣ ነው። በእጅ ስልኩ የቀለደውን ተማሪ ግን የእስር ዛቻ ይጠብቀዋል። ታዲያ ትንሹ ከትልቁ የከበደ ቀንበር የሚሸከመው በምን ፍርድ ነው?

ሀብት ደግሞ በአንድ አገር ችሎት ብቻ አይወሰንም፤ ድንበር ተሻግሮም ይከሳል። የኛውን ሰዎች ጉዳይ እንጥቀስ። ኢትዮጵያን ሪቪው የተባለውን ድረ ገጽ ያዘጋጁ የነበሩት በአሜሪካ የሚኖሩት አቶ ኤልያስ ክፍሌ ናቸው። ስለ ሼህ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲና ስለ ቤተሰባቸው ባወጡት ጽሑፍ ምክንያት ባለጸጋው በለንደን ከሰሷቸው። ተከሳሹ ቀርበው አልተከራከሩም፤ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. 175,000 ፓውንድ እንዲከፍሉ ፈረደባቸው። ይህን የምናነሣው ለጽሑፉ ጥብቅና ለመቆም አይደለም። ጽሑፉ ቀልድ አልነበረም፤ በአንድ ቤተሰብ ላይ የቀረበ ከባድ ነገር ነበር። ሰው ባለጸጋም ቢሆን ስሙን የመከላከል መብት አለው። እኛን የሚያሳስበን የበሩ ስፋት ነው። ጸሐፊው አሜሪካ፣ አንባቢው በዓለም የተበተነ ኢትዮጵያዊ ሆኖ ሳለ ችሎቱ ለንደን ሆነ። የእንግሊዝ ሕግ እውነቱን የማስረዳቱን ሸክም በጸሐፊው ላይ ስለሚጥል ከየአገሩ የሚመጡ ከሳሾች ደጁን ያዘወትሩት ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 የሐሳብን ነጻነት በአሜሪካ ልክ ያልጠበቀ የውጭ አገር የስም ማጥፋት ፍርድ በአሜሪካ እንዳይፈጸም ሕግ አወጣ። እንግሊዞችም ራሳቸው በ2013 ሕጋቸውን አሻሽለው በሩን አጠበቡት። በሩ ከልክ በላይ ሰፍቶ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

በዚያው በለንደን ከዚህ ቀደም የሆነም አለ። ማክዶናልድ የተባለው የምግብ ኩባንያ በወረቀት በታተነ ጽሑፍ ምክንያት ሁለት ድሆች፣ ሄለን ስቲልንና ዴቭ ሞሪስን፣ ከሰሰ። ኩባንያው ስመ ጥር ጠበቆች አቆመ፤ ሁለቱ ግን መንግሥት የሚከፍልለት ጠበቃ ስለተከለከሉ ራሳቸው ተከራከሩ። ችሎቱ 313 ቀን ተቀመጠ። እ.ኤ.አ. በ1997 በተሰጠው ፍርድ ከነገራቸው ከፊሉ እውነት ሆኖ ቢገኝም ካሣ እንዲከፍሉ ተፈረደባቸው። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በ2005 ክርክሩ ሚዛናዊ እንዳልነበረ ወሰነ። ይህን ፍርድ ለማግኘት ሁለቱ ሰዎች የዕድሜያቸውን ስንት ዓመት ሰጡ! በክስ የሚያስፈራራ ሰው ይህን ያውቃል። ማሸነፍ አያስፈልገውም፤ ማድከም ይበቃዋል።

ማድከም ባይቻል ደግሞ መንገዱን መዝጋት አለ። በሕንድ አገር በቦፓል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1984 ከዩኒየን ካርባይድ ፋብሪካ የወጣው መርዝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጅቷል። ዳው የተባለው ኩባንያ ኋላ ዩኒየን ካርባይድን ገዛ። ቀልደኞች በ2002 በዳው ስም የፌዝ ድረ ገጽ ከፍተው ኩባንያው ስለ ቦፓል ያለውን አቋም በራሱ አነጋገር አስነበቡት። ዳው አቤት ያለው ለኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪው ነው። አገልግሎት ሰጪውም ፌዘኞቹን ብቻ ሳይሆን እነርሱን ያስተናገደውን በኒው ዮርክ የሚገኝ የአርቲስቶች መረብ በሙሉ ለሰዓታት ዘጋው። ለአንድ ቀልድ ሲባል ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ ማለት ነው።

ተስፋ የሚሰጠውን ደግሞ ከአፍሪካ አገኘነው። በደቡብ አፍሪካ አንድ ወጣት ድርጅት የታወቀ የቢራ ምልክት ገልብጦ፣ በጥቁሮች ጉልበትና በነጮች ጸጸት ላይ የሚያሾፍ ካናቴራ ሸጠ። የቢራ ኩባንያው በበታች ፍርድ ቤቶች ረታ። የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ፍርዱን ሻረው፤ ኩባንያው በንግዱ ላይ ጉዳት እንደሚደርስበት አላስረዳምና። ይኸው ፍርድ ቤት በ2022 አንድ የማዕድን ኩባንያ በስድስት የአካባቢ ተሟጋቾች ላይ ከ14 ሚሊዮን ራንድ በላይ በጠየቀበት ጉዳይ፣ ተቺን ጸጥ ለማሰኘት ብቻ የሚመሠረት ክስ ሕግን ያላግባብ መጠቀም ሊባል እንደሚችል አወጀ። ደቡብ አፍሪካ የቻለችውን ኢትዮጵያ የማትችልበት ምክንያት አይታየንም።

አንዳንድ ወንድሞቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል፤ የሰው ስም ያለ ጠባቂ ይቅር ነው የምትሉት?» ብለው ይወቅሱናል። አይደለም። ስም መጥፋት ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚሻ ሰው ቀጨኔ ወጥቶ ይጠይቅ። ሸክላ ሠሪዋ ጀበናዋን ገዝቶ ቡናውን በጠጣበት ሕዝብ «ቡዳ» ተብላለች። ልጇ በዚሁ ስም ከጋብቻ፣ ከማኅበር፣ ከጨዋታ ተገልሏል። አፄ ምኒልክ ባለእጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖት እንኳ ስድቡ ገና ከአፍ አልጠፋም። በ3 ቀን ውስጥ ቃሉን እንዲያነሣ የጠበቃ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ግን የለም። በሰፈር ሁሉ ላይ ለተጣለ ነውር ከሳሽ አይገኝለትምና። እንግዲህ ለዘመናት ስሟ የጠፋው እናት ዳኛ አጣች፤ የእርሷን ቤት ከሥዕል የፋቀው ኩባንያ ግን ተሳቀብኝ ብሎ ሕግ ይጠራል። ያለው ማማሩ፣ የሌለው መደናገሩ ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ግልጽ ነው።

አንደኛ፦ ለጋዜጣው የተነሣው የእስር ቅጣት ለተራውም ሰው ይነሣ። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጁ ስም ማጥፋትን የሚመለከተው ክፍል ይሻሻልና ጉዳዩ በፍትሐ ብሔር ብቻ ይታይ።

ሁለተኛ፦ ሕዝብን በሚመለከት ጉዳይ ላይ የተናገረን ሰው ለማስፈራራት ብቻ የቀረበ ክስ ዳኛው ገና ከመነሻው መርምሮ እንዲዘጋው፣ ወጪውንም ከሳሹ እንዲከፍል የሚያስችል ድንጋጌ ይውጣ።

ሦስተኛ፦ ኩባንያ ሰው አይደለም፤ አያፍርም፣ አያለቅስም። ስሜ ጠፋ የሚል ኩባንያ የደረሰበትን ኪሣራ በማስረጃ ያሳይ። ማንም አንባቢ ቀልድ መሆኑን የሚረዳው ቀልድም እንደ ሐሰተኛ ምስክርነት አይቆጠር።

አራተኛው ለራሳችን ነው። የሕግ ተማሪዎች ጓደኞቻችን እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰውን ተማሪ ሁሉ የሚያማክሩበት ሰዓት በኅብረቱ ቢሮ ይመደብ። ከደብዳቤዎቹ ብዙዎቹ የሚያስፈሩት ብቻችንን ስናነባቸው ነው። እኛም ስንቀልድ ሁለት ነገር እንጠብቅ። ቀልዱን ቀልድ፣ ዜናውን ዜና አድርገን እናውጣ፤ ሁለቱን ቀላቅለን ሐሰት ለሚያወራው መጠለያ አንሁን። ሳቃችንም ወደ ላይ ይሁን። መልስ መስጠት በማይችል ድሃ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ ወይም በእጅ ሥራው የሚሳቅ ሳቅ ነጻነት አይባልም፤ የዱሮው ስድብ ነው።

ተማሪዎች ሆይ! ደብዳቤ ሲደርስ ማንሣት ቀላል ነው። ነገር ግን ዛሬ ሥዕል የሚያነሣ፣ ነገ ጽሑፍ ያነሣል፤ ከነገ ወዲያ ሐሳቡን ከመጀመሪያው አያስበውም። በስቴንስል የምትባዛው ይህች ወረቀትም ብትሆን ከዚህ አታመልጥም። አባቶቻችን የተበደሉ ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ብለው የበረታውን ያስቆሙ ነበር። ይህ ቃል የደካማው መከታ ነበር። ለባለ ገንዘብ ብቻ አንተወውም፤ እኛም «በሕግ አምላክ!» እንበል።