«ወንድሜ ሊያፈርሰው ነው»

ወደዚህ ገጽ የሚጎርፈው ደብዳቤ አብዛኛው የፍቅር ጣጣ ነው። የዛሬዋ ባለ ደብዳቤ ግን የተጣላችው ከፍቅረኛዋ ሳይሆን ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው። ያጣላቸውም አንድ አሮጌ ቤት። ስድስት ገጽ ነው የጻፈችው፤ አሳጥሬዋለሁ።

«ጋሼ፣ የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ያደግሁት ወላይታ፣ ሃላሌ ነው። አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ። አያታችን ገበያው ዳር የሠሩት በረንዳ ያለው የጭቃ ቤት አለ። እሳቸው ካረፉ ወዲህ ተዘግቶ ጣራው እያፈሰሰ ነው። እኔና አብሮ አደጎቼ ጠግነነው ተማሪዎች የሚያነቡበት፣ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ቤት ልናደርገው ብር ማዋጣት ጀምረናል። ወንድሜ ደግሞ አፍርሶ የብሎኬት ሱቅ ሊሠራበት ነው። ‹በመጽሐፍ ልጆቼን አላበላም› ካለኝ ወዲህ ስልኬን አያነሳም፤ ይኸው ሦስት ወር ሆነ። እናቴ መሀል ገብታ ታለቅሳለች። ቤቱን ላድን ወይስ ወንድሜን?»

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ፤ እኔም ያደግሁበት ቤት ሲፈርስ ቆሜ አይቻለሁ። የቀረኝ የበሩ መወርወሪያ ብቻ ነው፤ እሱንም ባለቤቴ «ይሄን ዝገት ጣልልኝ» ትለኛለች። ስለዚህ ልቤ ወዳንቺ ነው የሚያደላው። ግን ወንድምሽ ሞኝ አይደለም። ሳይታወቀው ትክክለኛውን ጥያቄ ጠይቋል።

እስቲ የሩቅ አገር ታሪክ ላጫውትሽ። እንግሊዝ ውስጥ ሄስቲንግስ የምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1872 ከዳርቻው ተነስቶ በብረት ምሰሶ ላይ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ ረጅም የእንጨት መድረክ ተሠራላት። ሕዝቡ በእግሩ እየተንሸራሸረበት፣ እየጨፈረበት፣ ሙዚቃ እየሰማበት አረጀ። በ2010 በእሳት ተያያዘ፤ ከላዩ የነበረው ሁሉ ወደመና አንድ አዳራሽ ብቻ ተረፈ። ታዲያ ከተሜው «የኛ ነው» ብሎ ተነሳ። ሦስት ሺህ ያህል ሰው አክሲዮን ገዛ፤ ትልቁን ገንዘብ ከሎተሪ የሚገኘው የቅርስ ፈንድ ሰጠ። ከ14 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወጥቶበት በ2016 ተከፈተ። የተረፈው አዳራሽ ታደሰ፤ ከቃጠሎ የተረፈውን ሳንቃ ለአዲሱ ቤት ግድግዳና ለወንበር አደረጉት። በጥቅምት 2017 የአገሪቱን ትልቅ የሥነ ሕንፃ ሽልማት፣ ስተርሊንግን፣ አሸነፈ።

ጭብጨባው ሳይበርድ፣ በወሩ፣ ድርጅቱ ዕዳውን መክፈል አቃተው። በ2018 ያ ሁሉ ሚሊዮን የፈሰሰበት መድረክ በ60 ሺህ ፓውንድ ገደማ ለአንድ ነጋዴ ተሸጠ። አየሽ፣ ለማደሻው ሰጪ ነበረው። ለነገው መብራት፣ ለዘበኛው፣ ለየዓመቱ ቀለም ግን ገቢው አልበቃም።

ወንድምሽ ያለሽም ይህንኑ ነው። የነገውን ማን ይከፍላል ነው የሚልሽ።

ደግሞ ተስፋ አትቁረጪ፤ የሐረሩን ታሪክ ስሚ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ ለዓመታት የሐረርን የጥንት ዕቃ፣ የእጅ ጽሑፍና የዘፈን ቅጂ ሲለቅሙ ኖረው በ1998 እ.ኤ.አ. መኖሪያ ቤታቸውን ሙዚየም አድርገው ከፈቱት። ኋላ የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው አሮጌ ሕንፃ ታድሶ ተሰጣቸውና ስብስቡ ወደዚያ ገባ። ልብ በይ፣ መጀመሪያ የነበረው ሥራው ነው፤ ቤቱ ቆይቶ ነው የመጣው። አንቺስ? የሚያነቡት ልጆች ዛሬ የት ነው የሚያነቡት? ከወዲሁ በአንድ ክፍል፣ በአምስት ወንበር ጀምሪው።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ቤቱ የወራሾች ሁሉ ነው፤ አንቺም ወንድምሽም ብቻችሁን አታዙበትም። የወራሽነት ማስረጃው ይውጣ፣ ስምምነቱም በጽሑፍና በምስክር ይሁን። የወረዳውን የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ቤቱ በቅርስነት ተመዝግቦ እንደሆነ ጠይቁ። ከተመዘገበ፣ በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ አዋጅ (ቁጥር 209) መሠረት ያለ ፈቃድ ማፍረስም ማደስም አይቻልም።

ብር ካላችሁ መጀመሪያ ጣራው ላይ አውሉት። ግድግዳ ይጠብቃል፣ ዝናብ ግን አይጠብቅም። ቀጥሎ ውሃው ከግድግዳው ሥር የሚሸሽበት ቦይ። እባክሽ «ያጠነክረዋል» ብሎ የጭቃውን ግድግዳ በሲሚንቶ የሚለስን ሰው አታስገቢ! ሲሚንቶው እርጥበቱን ውስጥ ያፍነውና እንጨቱ ተደብቆ ይበሰብሳል። ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ነው የሚጠገነው፤ ይህን የሚያውቁ አዛውንት ሰፈራችሁ አይጠፉም።

ወንድምሽን በተመለከተ፣ ሱቁን አትከልክዪው። ገበያውን የሚያየውን የበረንዳውን ክፍል ይውሰድና ይነግድበት፤ ኪራይ ይክፈል። ኪራዩ ለጓሮው ማንበቢያ መብራትና ጥገና ይዋል። ቤቱ ሳይፈርስ እሱም ልጆቹን ያበላል። የጎደለውን ደግሞ እናንተው ታውቁበታላችሁ። ለጊፋታ ወንዶቹ ለበሬው፣ ሴቶቹ ለቅቤው ስንት ወር አስቀድመው ይቆጥቡ የለ? ለቤቱም እንደዚያው በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ግን በስልክ አትበይው። መስከረም ላይ ለጊፋታ አገርሽ ግቢ። የተጣላ የሚታረቅበት በዓል ነው፣ ያን ቀን ፊቱን አያዞርብሽም። ስለ ቤቱ ሳታነሺ መጀመሪያ ይቅርታ ጠይቂው፤ ታላቅሽ ነው። ከተበላ ከተጠጣ በኋላ እናትሽ ባሉበት የኪራዩን ነገር አንሺለት፣ ወረቀትና እስክሪብቶም ያዢ።

ያለሽን ጻፊልኝ። በዚያው ጣራው ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈልግ አስቆጥሪና አብረሽ ላኪልኝ።